ካሜራው ሳይጠፋ

ሐዋሳ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ሳህሉ፣
ሆሳዕና ማረሚያ ቤት

የጻፉልኝ ደብዳቤ በልጅዎ በጵርስቅላ እጅ ደርሶኛል። የላኩት ማርም ደርሶኛል። ማሩን የሆስፒታል ክፍላችን ውስጥ ላሉ አስታማሚዎች ሰጠሁት። መብላት ስለማልችል ነው፤ ብችልም አልበላውም ነበር።

«ልጄ» ብለው ነው የጀመሩት። እባክዎ ልጄ አይበሉኝ። እናቴ ታላቅን አንቱ እንድል አድርጋ ባታሳድገኝ ኖሮ እኔም አንቱ አልልዎትም ነበር።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ ጠይቀዋል። መንጋጋዬ በግራም በቀኝም ተሰብሯል። የላይኛውና የታችኛው ጥርሴ በሽቦ ተጠፍሮ ስለታሰረ አፌ አይከፈትም። የምኖረው በስትሮ በምስበው የቡላ አጥሚት ነው። የግራ ዓይኔ ተሸፍኗል፤ ሐኪሞቹ ስለ እሱ ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ።

ደግሞ «ማን ነህ? እዚያ ባሕር ዛፍ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?» ብለዋል። ነህምያ እባላለሁ። ሆሳዕና ውስጥ ሠርግ እየቀረጽኩ ነው የምተዳደረው። ካሜራ ይዛ ስትሮጥ ያዩዋት ልጅ አቢጋኤል ናት። ፊልም እየሠራን ነበር፤ የሚያስፈራም የሚያስቅም ፊልም። አንዲት የሠርግ ቀራጭ ትጠፋና ካሜራዋ ብቻ ጉድባ ውስጥ ወድቆ ይገኛል። ተመልካቹ የሚያየው ካሜራው ውስጥ የቀረውን ነው። ስለዚህ ምስሉ ቢንቀጠቀጥም ቢደበዝዝም ያምርበታል፤ ለእኛ ዓይነቱ ባዶ ኪስ የሚሆን ፊልም እሱ ነው። እኔ የሞተ ሚዜ ነኝ። ከሠርጉ ቪዲዮ ላይ ቆርጣ ስላወጣችኝ ከመቃብር ተነሥቼ «እንደገና ቅረጪኝ» እያልኩ አሳድዳታለሁ። ፊቴ ላይ ያዩት ዱቄት ነው። ደሙ የቀይ ስር ጭማቂ ነው። መጥረቢያው ከስፖንጅ ተቆርጦ ቀለም የተቀባ ነው፤ ስወድቅ ከሥሬ ለሁለት ታጥፎ ነበር።

አቢጋኤል ስትወድቅ ካሜራው ከእጇ አመለጠ እንጂ መቅረጹን አላቆመም። ሣርና እግር ነው የሚታየው። ድምፁ ግን አንድ ሳይቀር አለ። «ፊልም ነው፣ አባቴ፣ ፊልም ነው» ስትል ይሰማል። ከዚያ በኋላ ዱላው ይቀጥላል። አጥንት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ እኛ ጥቅል ጎመን በመስበር ልንሠራው አስበን ነበር። አይመሳሰልም።

እውነት ይቅርታ ፈልገው ከሆነ የጻፉት አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ፊልም ነው ከተባሉ በኋላ ለምን መቱኝ?

ነህምያ


ሆሳዕና፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነህምያ፣

ሰላም ለአንተ፣ አብረውህ ለተኙትም ይሁን። ልጄ አልልህም። አማርኛ የተማርኩት በትምህርት ቤትና በመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ቃል ከገደፍኩ ንቀት አይምሰልህ።

በጵርስቅላ በኩል ያስጠየቅኸኝን ላስቀድም። ሰክሬ አልነበረም። የአጥቢያችን ሽማግሌ ነኝ፤ መጠጥ ቤቴ አይገባም። አብደው ነበር ወይ ላልከኝ ደግሞ፣ አላበድኩም። ያበድኩ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

እንሰት ስተክል ውዬ እጄን እየታጠብኩ ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የሴት ጩኸት ሰማሁ። በእኛ ዘንድ ሴት ስትጮህ ማን ነሽ፣ ምን ሆነሽ ተብሎ አይጠየቅም፤ ይሮጣል። ዱላዬን ይዤ ሮጥኩ። ልጅቷ ወደ እኔ መጣች፣ አንተ ከኋላዋ ነህ። ደም ከአገጭህ ይንጠባጠባል፣ መጥረቢያ አንሥተሃል። ደግሞ ትስቅ ነበር።

መታሁህ፣ ወደቅህ። ስለዚያ ዱላ ይቅርታ አልጠይቅህም። ነገ ብሰማ ነገም እሮጣለሁ፤ ያንን ባይ አሁንም እመታለሁ። ጠበቃው ይህን አትናገር ብሎኝ ነበር፣ ለዳኛው ግን ተናገርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ነው። ልጅቷ ፊልም ነው አለች። ሰማኋት። ፊልም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰዎች ከኋላዬ ደርሰው ነበር፤ አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ የመቆፈሪያ እጀታ ይዟል። እኔም ደገምኩህ፣ ሠለስኩህ። ለምን ብለህ ጠይቀኸኛል። ራሴን ብዙ መርምሬ ያገኘሁት ይህን ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ክፉ ሰው እግሬ ሥር ወድቋል፣ እኔ ትክክል ነኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያየኛል። ይቅርታ የምለምንህ ስለዚህ ነው።

መንጋጋህን የሰበረው የማን ክንድ እንደሆነ ፖሊስ አጥብቆ ጠይቆኛል። እኔ ነኝ ብዬ ፈርሜያለሁ። አንተም ሌላ ስም እንዳትጠይቀኝ።

ሳህሉ


ሐዋሳ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ሳህሉ፣

የላኳቸው ሽማግሌዎች ሆሳዕና እናቴ ቤት ሄደው እንደነበር ሰምቻለሁ። መልሴን አስቀድማ ነግራቸዋለች፤ እኔም እደግመዋለሁ። አልታረቅም።

ሐኪሞቹ ዓይኔን ገልጠው በባትሪ አብርተውብኝ ነበር። መብራቱን አላየሁትም። ከእንግዲህ በግራ በኩል የሚመጣብኝን አላይም።

«ደስ ብሎኝ ነበር» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር አስቦ ይጽፋል? ተሳስቼ ነው ቢሉኝ፣ ፈርቼ ነው ቢሉኝ ምን ነበረበት? እውነት ተናገርኩ ብለው ቀልሎዎት ይሆናል። ሸክሙን እኔ ላይ ነው ያራገፉት።

የእኔንም ይስሙ። በሕልሜ እርስዎን መሬት ላይ ጥዬ እመታለሁ። ጥርስዎ ሲረግፍ አየዋለሁ፣ መንጋጋዎ ከእጄ ሥር ሲላቀቅ ይሰማኛል። አላቆምም። ስነቃ ሽቦውን ነክሼ ድዴ ደም በደም ሆኖ አገኘዋለሁ።

ደብዳቤዎን ታላቅ ወንድሜ ሆሴዕ ሊጠይቀኝ መጥቶ አነበበው። ሆሴዕ መካኒክ ነው፤ ወሬ አያበዛም። አንብቦ ሲጨርስ አጥፎ ኪሱ ከተተውና ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ነህምያ


ሆሳዕና፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነህምያ፣

ሰላም ይሁንልህ። ስለ ዓይንህ የምጽፈው ቃል አጥቼ ብዙ ሰነበትኩ። አሁንም አላገኘሁም።

ዛሬ የጻፍኩት በሌላ ነገር ነው። ጵርስቅላ ስትጠይቀኝ አፏን በሻርፕ ሸፍና መጣች። ጉንፋን ነው አለችኝ። ግለጪው አልኳት፣ እምቢ አለች። እንጀራውን አቀብላኝ ልትሄድ ስትል ሻርፑ ወረደ። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ የሉም።

ከብዙ ልመና በኋላ ነገረችኝ። ሆሴዕ ጓደኞቹን ይዞ በገበያ ቀን በባጃጅ መጣ። ሰው ገበያ ወጥቶ ነበር። በሬዬን ቋንጃውን በገጀራ ቆርጠው ጣሉት፤ ጎረቤት ደርሶ እስኪያርደው ድረስ ግቢው መሀል እየተንፈራገጠ ያጓራ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሊከላከል ወጥቶ በብረት ፈነከቱት። አሁንም ሲናገር ቃል ይጠፋበታል። ጵርስቅላ በሩ ላይ ቆማ «አባቴ እዚህ የለም፣ እስር ቤት ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» ስትል ወንድምህ በቡጢ መታት።

የሰፈሬ ጎበዞች የእናትህን ቤት ሊያቃጥሉ ተነሥተው ነበር። በወንድሜ ደም ላይ ደም ብትጨምሩ ከእኔ ጋር ማዕድ አትቆርሱም ብዬ ላክሁባቸው። ብዙዎቹ ሰሙኝ፤ ሁሉም ሰምተዋል ብዬ አልምልልህም። እናትህ ለጊዜው ዘመድ ጋ ብትሰነብት መልካም ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ልከኸው ነው?

ሳህሉ


ሐዋሳ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ሳህሉ፣

እናቴ ሾኔ ከተማ እህቷ ዘንድ ናት። ስላስጠነቀቁን አመሰግናለሁ። ይህን ቃል ለእርስዎ እላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አልላክሁትም። ግን ደብዳቤውን አጥፎ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶኝ ነበር። አፌ ታስሯል እንጂ እጄ አልታሰረም፤ ተው ብዬ ጽፌ ላሳየው እችል ነበር። ዝም አልኩ። ሄዶ መታቸው ብለው ሲነግሩኝም፣ ማንን እንደመታ ከማወቄ በፊት፣ ልቤ ሞቀ። እርስዎ የጻፉትን ቃል ሌላ ሰው ቢጽፈው አይገባኝም ነበር፤ አሁን ገባኝ።

የልጅዎን ነገር ስሰማ ግን አልጋዬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። እሷ ናት በየጊዜው ደብዳቤዎን ለሹፌር የምትሰጥልኝ። ከዚህ በፊት አንድ ቀን እዚህ ድረስ መጥታ እግሬ ሥር ቆማ «አባቴ ይህን ሰጥቶኛል» ብላ ማሩን አስቀምጣ ስትሄድ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር።

ሆሴዕ አዲሎ ከተማ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጓደኛው ቤት ተደብቆ ነበር። ለፖሊስ የነገርኩት እኔ ነኝ። እናቴ ይህን ስታውቅ «አንዱ ልጄ ተሰበረ፣ ሌላውን አንተ ሰበርከው» ብላ አስላከችብኝ። ከዚያ ወዲህ ቃል የላትም።

ሽማግሌዎችዎ አሁንም ፈቃዳቸው ከሆነ ይምጡ። እኔም ሽማግሌ እልካለሁ። በዳዩ ማን ተበዳዩ ማን እንደሆነ እነሱ ይለዩት፤ እኔ ጠፍቶብኛል።

ነህምያ


ሆሳዕና፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነህምያ፣

ሽቦው ወጣልህ የሚለውን ሰምቼ ክፍላችን ውስጥ ጸሎት አድርገናል። ቀስ ብለህ ብላ።

ስለ ወንድምህ ላልከው። አዎ፣ እኛ ዘንድ ነው ያለው። እኛ ክፍል ነው ያስገቡት። እስረኛ ሥራ የለውምና ወሬ ፈጥኖ ይደርሰዋል። የጵርስቅላን ጥርስ ያወለቀው እሱ መሆኑን ሲያውቁ መጸዳጃው ጋ ጠብቀው ያዙት። ስደርስ አንዱ በፎጣ አንቆታል፣ ሌላው ጎኑን በጉልበቱ ይደቃዋል። ፊቱ ጠቁሮ ምላሱ ወጥቷል። ገብቼ አስጣልኩት። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ጥቂት ቆሜ አይቻለሁ።

አሁን አጠገቤ ነው የሚተኛው። አናወራም ነበር። ትናንት ምሳዬን ስቆርስ ሳልጠራው እጁን ሰደደ። አብረን በላን። ጥቂት ቆይቶ «በሬው ስንት ዓመቱ ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። ፊቱን ሸፍኖ ተኛ።

ሽማግሌዎቹ እርቁን ጨርሰዋል። ዳኛውም እርቁን አይቶ በገደብ ሊለቀን ይችላል ይላሉ፤ ወንድምህንም እኔንም።

አቢጋኤል መጥታ ነበር። ካሜራው ከወደቀ በኋላ የተቀረጸውን ፊልሙ ውስጥ ላስገባ ወይ አለችኝ። «የእርስዎ እግርና የእርስዎ ድምፅ ስላለበት ነው የምጠይቅዎ» አለች። ነህምያ ከፈቀደ እፈቅዳለሁ አልኳት። ሰው እንዲፈራበት ነው ወይስ እንዲስቅበት ብዬ ጠየቅኋት። «ሁለቱንም» አለችኝ። አልገባኝም፤ አንተ ይገባህ ይሆናል።

ሳህሉ


ሆሳዕና፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሳህሉ፣
ጊምቢቹ

እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ። ስልክ ደውል ብለውኛል፤ መንጋጋዬ ቢፈታም ንግግሬ ገና ይንሻፈፋል፣ እርስዎም በስልክ አማርኛ አልወድም ብለዋል። ስለዚህ ብዕሩን አልተውኩም።

ለምን እንደፈቀድኩ ጠይቀዋል። ያን ድምፅ ሰው ሲሰማ አዳራሹ ፀጥ የሚል መስሎኝ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲስቁ ቆይተው እዚያ ጋ ሲደርሱ ሳቁ ጉሮሯቸው ላይ ይቀራል አልኩ። አቢጋኤልም እንዲህ ነው ያለችኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልሙ ሲታይ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። ሚዜው ከመቃብር ተነሥቶ ክራቫቱን ሲያስተካክል ሳቁ። «በግራ በኩል ነው የማምረው» ሲላት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከወራት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ካሜራው ወደቀ። የእርስዎ እግር መጣ።

አላቆሙም፣ ጋሽ ሳህሉ። የመጀመሪያው ዱላ ሲያርፍ አዳራሹ ፈነዳ። በእያንዳንዱ ምት ያጨበጭቡ ነበር። ከኋላዬ አንዱ «ሚዜው ዛሬ ቁርጡን አወቀ» አለ። መንጋጋዬ የተሰበረበት ድምፅ ላይ አንዲት ሴት እንባዋን እየጠረገች ባሏ ትከሻ ላይ ወደቀች። አቃስቼ እናቴን ስጠራ «ሲያስመስልበት!» አሉ። አቢጋኤል ክንዴን ጨብጣ «ሠራልን» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ።

ወጥቼ ከአዳራሹ ጀርባ አስታወክሁ። ሽቦው ከወጣ ወዲህ አፌን በሰፊው የከፈትኩት ያን ጊዜ ነው።

ያንን ክፍል አውጪው አልኳት። «ሰው የወደደው እኮ እሱን ነው፤ ደግሞ ፈቅደሃል» አለች። እውነቷን ነው፤ ፈቅጃለሁ። ተጣልተን ተለያየን። ቢቆረጥም አሁን ዋጋ የለውም። ያቺ ቁራጭ በየሰው ስልክ ላይ ናት። መንገድ ላይ ልጆች ሲያዩኝ በዱላ የተመታ ሰው እየመሰሉ ይወድቃሉ።

ነህምያ


ሐዋሳ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነህምያ፣

የምጽፈው እኔ ጵርስቅላ ነኝ። ቃሉ የአባቴ ነው። ለምን ሐዋሳ እንደሆንን፣ ለምን በራሱ እጅ እንዳልጻፈም አሁን ትረዳለህ።

ያቺ ያልካት ቁራጭ እኛም ሰፈር ደርሳለች። ሰው ሲያገኘኝ «የሙት መቺው» ይለኛል። በክፋት አይደለም፤ ለጨዋታ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከሊዲያ ቤት ጩኸት ወጣ። ሊዲያ ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ ሲጠጣ ክፉ ነው። ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ነበር። ልሄድ ስል አንዱ ይዞኝ «ሳህሉ፣ ተው፣ የፊልም ልጆች ተመልሰው መጥተው ነው፤ ደግሞ ልትታሰር?» አለኝ። ሳቁ። አንዱ ስልኩን አወጣ። እኔም ቆምኩ። መቆሜን ጻፊለት ብያታለሁ። ሁለተኛ ስትጮህ ሮጥኩ። ዱላዬን መንገዱ ላይ ጣልኩት፤ ከያዝኩት እንደማላቆም አውቃለሁና።

ባሏ ትከሻዋን በገጀራ ከፍቶታል። ግድግዳው ሁሉ ደም ነበር። ሊደግማት ሲሰነዝር እጄን አገባሁ። ገጀራው የቀኝ እጄ አንጓ ላይ ተሰካ። ሊነቅለው ሲታገል በግራ እጄ አንገቱን ይዤ ወደቅሁበት። በጥርሱ ጆሮዬን ያዘ። አለቀቅሁትም።

ሰዎቹ የገቡት ደሙን ሲያዩ ነው። እንደ ገቡ ባሏን ሊገድሉት ዱላ አነሡ። እላዩ ላይ ተኝቼ ተዉ አልኳቸው። ሁለት ሦስት ዱላ ጀርባዬ ላይ አርፏል። ሊዲያ በሕይወት አለች። እሱም አለ፣ ታስሯል። ቀኝ እጄን እዚህ ስንደርስ ሐኪሞቹ ቆረጡት።

ይኸው ነው። ለእናትህ ሰላምታ አቅርብልኝ።

የሳህሉ ቃል

ከእኔ ከጵርስቅላ፦ አባቴ ለወንድምህ ትቶለታል። እኔ አልተውኩለትም። አንተም ይህን እወቅ።


ጊምቢቹ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሳህሉ፣

ጵርስቅላ ታነብልዎታለችና አስቀድሜ ለእሷ፦ አውቄያለሁ። ሆሴዕም ያውቃል። ማንም ተዪለት አይልሽም።

ይህን የምጽፈው ደጃፍዎ ላይ ተቀምጬ ነው። ወንድምዎ ቁልፉን ሰጠኝ። ሆሴዕ ጤፉን እያረመልዎት ነው፤ ከወንድምዎ ጋር አብረው ናቸው። ወንድምዎ ቃል ሲጠፋበት ሆሴዕ አጎንብሶ ይጠብቀዋል። ጵርስቅላ ከመመለሷ በፊት ጨርሶ ይሄዳል።

ሊዲያን አየኋት። ትከሻዋ ተሰፍቶ እናቷ ጋ ናት። ስለ እርስዎ ጠየቀችኝ፤ ደህና ናቸው አልኳት።

ትናንት የገበያ ቀን ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችሁ የድምፅ ማጉያ ለምኜ ገበያው መሀል ቆምኩ። ንግግሬ ይንሻፈፍ የለ፤ ገና ስጀምር አወቁኝ። «ሚዜው መጣ» ተባለና ሰው ከበበኝ፣ ስልክ ተነሣ። ያያችሁት እውነት ነበር አልኳቸው። የሰማችሁት የእኔ አጥንት ነው፣ ዓይኔም የጠፋው ያን ጊዜ ነው፤ ጩኸት ስትሰሙ ፊልም ነው አትበሉ አልኳቸው። ሳቁ። የቀልዱ ተከታይ መሰላቸው። ሻርፔን አውልቄ ጠባሳዬን አሳየኋቸው። «ሜካፑ ግሩም ነው» አለ አንዱ። እጄ በቡጢ ሲጨበጥ ተሰማኝ። ለመምታት ፈልጌ ነበር፤ ማንንም፣ የቀረበኝን።

ቅቤ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ከጀርባ ሰው እየገፉ መጡ። አማርኛቸው ብዙም አይደለም። በቅቤ እጃቸው አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩና መንጋጋዬን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። አጥንቱ ተጣምሞ የገጠመበትን ሲያገኙ ጣታቸው ቆመ።

«አመመህ?» አሉኝ።

«አዎ እናቴ» አልኳቸው። «በጣም አመመኝ።»

ገበያው መሀል አለቀስኩ። ማን እንደሳቀ ማን እንደተወ አላየሁም። ሐኪም የቱ ጋ ብሎ ጠይቆኛል፣ ፖሊስ ማን ብሎ ጠይቆኛል። አመመህ ያለኝ ግን እስከ ትናንት አልነበረም። እርስዎም ይቅርታ ጠየቁኝ እንጂ ይህን አልጠየቁኝም። እኔም ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ ምን ልጻፍ እያልኩ ስንት ወረቀት ቀደድኩ፤ ጀግና ልበልዎት፣ አመሰግናለሁ ልበልዎት ብዬ።

ጋሽ ሳህሉ፣ እጅዎን ያምዎታል?

ነህምያ